ከጊዜው አስቀድሞ ማረፍ ይገባልን?

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ሦስት ዘመናት ይፈራረቁበታል፤ እነዚህም የሚማርበት፥ የሚሠራበትና የሚያርፍበት ዘመን ናቸው። በመጀመሪያው ዘመን ወላጆቹ ይሸከሙታል፤ በሁለተኛው ራሱን ችሎ ሌላውንም ይሸከማል፤ በሦስተኛው ግን ማን እንደሚሸከመው ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት ይደርሳል። ስለዚህ ጉልበት ሳለ ስለ ድካም ዘመን ማሰብ የአስተዋይ ሰው ተግባር መሆኑን የሚክድ የለም። ክርክር የሚነሣው፥ ይህ አሳብ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራምዶ፥ «ጉልበቴ ሳይደክም፥ ሕግ የወሰነውም ዕድሜ ሳይደርስ አስቀድሜ ልረፍ» ያለ እንደ ሆነ ነው።

ይህን ጥያቄ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያመጣልን አንድ የምናውቀው ሰው ነው። ዕድሜው ወደ አርባ አምስት ዓመት የተጠጋ፥ በሒሳብ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለ፥ በጠባዩም የተመሰገነ ሰው ነበር። ከተቀመጠ በኋላ ከጉያው አንድ ደብተር አውጥቶ ከፊታችን አኖረና፥ «ከደመወዜ ከፍዬ ማስቀመጥ ከጀመርሁ እነሆ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ሃምሳ ዓመት ሲሞላኝ ሥራዬን ትቼ በቆጠብሁት ልኖር አስቤአለሁ። ጎረቤቶቼ ስንፍና ነው ይሉኛል፤ ባለቤቴ እብደት ነው ትለኛለች። እርስዎስ ምን ይላሉ?» ሲል ጠየቀን።

እኛም ወዲያው አልመለስንለትም። «መልካም ነው» ማለትም ሆነ «ክፉ ነው» ማለት ለአፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የአንድ ሰው የሃያ ዓመት ድካም በአንድ ቃል የሚፈረድ አይደለም። ስለዚህ ደብተሩን እንዲተውልን ለምነን፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን መመርመር ያዝን። ያገኘነውንም ለአንባቢዎቻችን ብናካፍል ይጠቅማል ብለን አስበናል።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። «ጡረታ» የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ መጦርም የደከመን ሰው መመገብ፥ ማልበስና መደገፍ ማለት ነው። እንግዲህ ጡረታ በቋንቋችን ከሥራ መቅረት ማለት ብቻ አይደለም፤ በሌላ ሰው እጅ መደገፍ ማለት ነው። ለአባቶቻችን የእርጅና ስንቃቸው ልጅ፥ ዘመድና መሬት ነበር፤ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው የሚመርቁትም ስለዚህ ነው። የደመወዝ ኑሮ ሲስፋፋ ግን ከርስቱ ርቆ በከተማ የሚኖር ሠራተኛ በዛ፤ ስለዚህም በ1955 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ወጣ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ግን ይህን የመሰለ መደበኛ ዐቅድ ያገኙት እጅግ ዘግይቶ፥ በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። ዛሬ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ ከመቶ 7፥ አሠሪውም ከመቶ 11 ያዋጣሉ፤ መደበኛው የጡረታ ዕድሜም 60 ዓመት ነው።

ከዚህ የምንረዳው፥ ሕጉ ጧሪ የሚሆነው በተወሰነው ዕድሜና በተወሰነው አገልግሎት መሆኑን ነው። ከዚያ አስቀድሞ ሊያርፍ የሚሻ ሰው በመካከል ላሉት ዓመታት ራሱ ለራሱ ጧሪ ሊሆን ይገባዋል። ነገሩ ከባድ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ሰው በአንድ ጊዜ ልጅም አባትም፥ ጧሪም ተጧሪም ይሆናልና።

ይህ አሳብ በብዛት የተስፋፋው በአሜሪካ አገር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. ቪኪ ሮቢንና ጆ ዶሚንጌዝ የተባሉ ጸሐፊዎች ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ሰው ገንዘብ ሲያወጣ የሚያወጣው የሕይወቱን ሰዓት መሆኑን አስተማሩ፤ ይህንንም ትምህርት ብዙዎች ተቀበሉት። ሁለት ዓመት ቆይቶም በ1994 ዓ.ም. ዊልያም ቤንገን የተባለ የገንዘብ አማካሪ ከ1926 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረውን የአክሲዮንና የመንግሥት ቦንድ መዝገብ መረመረ። አንድ ሰው በሚያርፍበት በመጀመሪያው ዓመት ካከማቸው ገንዘብ ከመቶ 4 እጅ ቢያወጣ፥ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ እንደ ኑሮው ውድነት መጠን ያንኑ ቢጨምር፥ ገንዘቡ ቢያንስ 30 ዓመት እንደሚቆይ ከመዝገቡ አገኘ። ስለዚህ ለዓመት ኑሮው 40 ሺህ ዶላር የሚያስፈልገው ሰው 1 ሚሊዮን ዶላር፥ ይኸውም የዓመት ወጪውን 25 እጥፍ ሊያከማች ይገባዋል ተባለ። በ1998 ዓ.ም. በቴክሳስ በሚገኘው በትሪኒቲ ዩኒቨርሲቲ ሦስት መምህራን ወደዚሁ የቀረበ ውጤት አግኝተዋል።

ነገር ግን ይህ ቁጥር የተመረመረው ለ30 ዓመት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። በስድሳ አምስት ዓመቱ ለሚያርፍ ሰው 30 ዓመት ይበቃው ይሆናል፤ በአርባ አምስት ዓመቱ የሚያርፍ ሰው ግን እስከ ዘጠና ቢኖር 45 ዓመት መሻገር አለበት። በዚያም ላይ የአገሪቱ ሕግ ራሱ መሰናክል አለው፤ ለእርጅና ተብሎ በግብር ቅናሽ የተቀመጠውን ገንዘብ ከ59 ዓመት ተኩል በፊት የሚያወጣ ሰው፥ ሕጉ ከለያቸው ምክንያቶች በቀር፥ ከመቶ 10 ተጨማሪ ግብር ይከፍላል። የመንግሥቱን የጡረታ አበል መቀበል የሚጀመረው ቢፈጥን በ62 ዓመት ነው፤ ለአረጋውያን የተደነገገው የሕክምና መድንም የሚገኘው በ65 ዓመት ነው። በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ይህን ሁሉ ያውቁታል፤ ከደመወዛቸው ለእርጅና እያስቀመጡ፥ በዚያው ወር ደግሞ ዕቁብ እየጣሉ፥ አገር ቤት ላሉት ወላጆቻቸውም እየላኩ የሚኖሩ ናቸውና።

እንግዲህ ይህን የአሜሪካን ልኬት እንዳለ ወደ አገራችን ማምጣት አይቻልም። ቤንገን የመረመረው የብዙ ዐሥርታት የገበያ መዝገብ ነበር፤ በእኛ አገር ግን የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው ገና በ2017 ዓ.ም. ነው። የሌላውን ሰው ጫማ የሚያደርግ እግሩን አስቀድሞ ይለካ። ይሁን እንጂ ከልኬቱ በታች ያለው መሠረት ለማንኛውም አገር ያገለግላል፤ ይህም የፍላጎት መጠን ነው። ከገቢው አንድ ዐሥረኛውን የሚያስቀምጥ ሰው፥ ወለዱንና የዋጋውን ለውጥ ትተን ብናሰላ፥ የአንድ ዓመት ዕረፍት ለመግዛት ዘጠኝ ዓመት መሥራት አለበት፤ ግማሹን የሚያስቀምጥ ግን በአንድ ዓመት ሥራ አንድ ዓመት ዕረፍት ይገዛል። የሁለቱ ገቢ እኩል ሊሆን ይችላል፤ የሚለያያቸው ምኞታቸው ነው። ስለሆነም አስቀድሞ የማረፍ ዐቅድ ከገንዘብ ዐቅድ በፊት የምኞት ዐቅድ ነው ብንል አንሳሳትም።

እዚህ ላይ ግን ልንዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። ከገቢው ግማሹን ማስቀመጥ የሚችለው ከገቢው ግማሹ ለኑሮው የሚበቃው ሰው ብቻ ነው። የቀን ሠራተኛው፥ ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለጤፍ የማይበቃው ሰው፥ ምኞቱን ስላልገታ አይደለም የማይቆጥበው። ስለዚህ መቆጠብ የቻለ ሰው ያልቻለውን እንደ አባካኝ እየቆጠረ ሊነቅፍ አይገባውም፤ ችሎታውን እንደ ጸጋ ተቀብሎ ያመስግን እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። አስቀድሞ ለማረፍ ማከማቸት ተገቢ ነውን? በቅዱስ መጽሐፍ ሁለት ጎተራዎች እናገኛለን። አንደኛው የዮሴፍ ጎተራ ነው፤ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሪቱ ፍሬ አንድ አምስተኛውን እየሰበሰበ አከማቸ። ሁለተኛው በወንጌል የተነገረው የባለጠጋው ጎተራ ነው፤ እርሱም እህሉ ቢበዛለት አሮጌውን ጎተራ አፍርሶ ትልቅ ሊሠራና ለራሱ ብቻ ሊደሰት አሰበ፤ በዚያች ሌሊት ግን ነፍሱ ተፈለገች። ሁለቱም አከማችተዋል፤ ሁለቱም ስለሚመጣው ዘመን አስበዋል። አንዱ የተመሰገነው፥ ሌላው የተነቀፈው ግን በማከማቸታቸው አይደለም። የዮሴፍ ጎተራ በር ወደ ሌሎች የሚከፈት ነበር፤ የባለጠጋው ጎተራ በር ግን ወደ ውስጥ ብቻ ነበር። ባለጠጋው ከነፍሱ ጋር ሲመክር በአሳቡ ውስጥ ሌላ ሰው አለመኖሩን አስተውሉ።

የዮሴፍን ጎተራ ደግሞ በሒሳብ ብንመለከተው ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። በሰባት ዓመት ውስጥ በየዓመቱ አንድ አምስተኛ ቢቀመጥ፥ ጠቅላላው የአንድ ዓመት ከአምስት ወር ያህል ምርት ነው። ይህም ለሰባት የረኃብ ዓመታት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ዓመት የሚደርሰው ከቀድሞው ምርት አንድ አምስተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጠባው በጥጋብ ዘመን ብቻ አልነበረም፤ በረኃቡም ዘመን በጥንቃቄና በልክ መስጠት ያስፈልግ ነበር። ጎተራ የሞላ ሁሉ ዐረፍሁ ሊል አይችልም፤ ማከማቸት አንድ ጥበብ ሲሆን አከፋፍሎ መኖር ደግሞ ሌላ ጥበብ ነውና።

«ሰው እንዲሠራ ታዝዞአል፤ ስለዚህ ጉልበት ሳለው ሥራ መተው ኃጢአት ነው» የሚሉ አሉ። ይህ አነጋገር ደመወዝንና ሥራን አንድ ያደርጋል። ደመወዙን ትቶ አትክልት የሚተክል፥ የጎረቤት ልጆችን የሚያስተምር፥ የታመመ ወላጁን የሚያስታምም ሰው ሥራ ትቶአልን? ልጆችዋን የምታሳድግ እናት ደመወዝ ስለሌላት ሥራ ፈት ትባላለችን? እንዲሁም ደመወዝ እየተቀበለ ቀኑን በወሬ የሚያሳልፍ ሰው ሠራተኛ ነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄው «ከምን ታርፋለህ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን፥ «ለምን ታርፋለህ?» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሌለው ሰው ከሥራው ቢወጣም ዕረፍት አያገኝም፤ መሰልቸቱን ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤቱ ያዛውራል እንጂ።

ወደዚያ ሰው ደብተር እንመለስ። ጽሕፈቱ ንጹሕ፥ ድምሩ የማይሳሳት ነበር። የቤት ኪራይ፥ ጤፍ፥ በርበሬ፥ ከሰል፥ የልጆች ትምህርት፥ የታክሲ ዋጋ ሁሉ በየወሩ ተጽፎአል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት «ለእናቴ» የሚል አንድ ረድፍ ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት ገንዘቡ አነሰ፤ በአራተኛው ዓመት ረድፉ ጠፋ። ደብተሩን ሊወስድ በመጣ ጊዜ በዚያ ስፍራ ላይ ጣታችንን አኑረን ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቅነው። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «ወንድሜ አገር ቤት ከእርስዋ ጋር አለ፤ እርሱ ይበቃታል ብዬ ነው» አለን። እኛም፥ «እንዲህ ከሆነ የምታርፈው በራስህ ቁጠባ ብቻ ሳይሆን በወንድምህ ትከሻም ነው» አልነው። ቃላችን ሳይከብደው አልቀረም፤ ተሰናብቶን ሄደ።

ከዚህም የተነሣ አንድ ሚዛን አገኘን። ሰው ከራሱ ምኞት ቀንሶ ያስቀመጠው ቁጠባ ነው፤ ከሌላው ድርሻ ቀንሶ ያስቀመጠው ግን ዕዳ ነው። ወላጅን ከመጦር፥ የቤት ሠራተኛን ደመወዝ በጊዜው ከመክፈል፥ ልጅን ከማስተማር የተቀነሰ ገንዘብ በባንክ ደብተር ላይ ሀብት መስሎ ይታይ ይሆናል፤ በእውነተኛው መዝገብ ግን በዕዳ ረድፍ ይጻፋል።

አሁን ደግሞ ዐቅድ ሲሰበር ስለሚሆነው እንናገር። ዐቅድ የሚሰበርበት መንገድ ብዙ ነው። አንደኛው የገበያ መውደቅ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጥቅምት 2007 እስከ መጋቢት 2009 ዓ.ም. ድረስ የአሜሪካ ታላላቅ ኩባንያዎች አክሲዮን ከዋጋው ከግማሽ በላይ አጣ። ገበያው በ2013 ዓ.ም. ወደ ቀድሞው ከፍታው ተመለሰ፤ ነገር ግን በመካከሉ ለዕለት ጉርሱ ሲል በርካሽ የሸጠ ሰው የሸጠው አልተመለሰለትም።

ይህን በእረኛ ምሳሌ ብናስረዳ ይቀልላል። ሁለት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው መቶ በግ አላቸው እንበል፤ መንጋው በደኅና ዓመት በመቶ 20 ይጨምራል፤ እነርሱም በየዓመቱ ዐሥር ዐሥር ያርዳሉ። አንደኛውን በመጀመሪያው ዓመት ድርቅ መታውና ግማሹ አለቀ፤ ከቀሩት ሃምሳ ዐሥር ቢያርድ አርባ ይቀሩታል። በሚመጣው ዓመት የሚወለዱለት ስምንት ናቸው፤ የሚያርደው ግን ዐሥር ነው፤ ስለዚህ መንጋው እያነሰ ሄዶ ያልቃል። ሁለተኛው አምስት ደኅና ዓመታት አግኝቶ መንጋው ከ170 በላይ ከደረሰ በኋላ ያው ድርቅ ቢመጣበት፥ የቀሩት ሰማንያ ያህል በጎች እያረደም ይራቡለታል። ድርቁ አንድ ነው፤ የመጣበት ጊዜ ግን አንዱን አደኸየ፥ ሌላውን አተረፈ። የመጀመሪያው ሰው መዳኛ ምን ነበር? በድርቁ ዓመት በዐሥር ፈንታ አራት ቢያርድ፥ ለጥቂት ዓመታትም አምስት እያረደ ቢታገሥ መንጋው ባገገመ ነበር። ስለዚህ አስቀድሞ የሚያርፍ ሰው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወጪውን ለመቀነስ የተዘጋጀ፥ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ስንቅም ከገበያ ውጭ ለብቻው ያኖረ ሊሆን ይገባዋል።

ሁለተኛው የዋጋ ንረት ነው። በአገራችን በ2014 ዓ.ም. የኑሮ ውድነት በዓመት ከመቶ 30 በላይ በደረሰበት ጊዜ የባንክ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛ ልክ ከመቶ 7 ነበር። መቶ ብር ያስቀመጠ ሰው 107 ብር አገኘ፤ በመቶ ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን ከ130 ብር በላይ ሆነ። ደብተሩ አደገ፤ ሀብቱ ግን ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ኃይሉን አጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

ሦስተኛው የዘመን መለወጥ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ባደረገ ጊዜ፥ «ኪራዩ በእርጅናዬ ይጦረኛል» ብለው ቤት የሠሩ ብዙ ሰዎች ጧሪያቸውን በአንድ ቀን አጡ። ከእነዚህም መካከል ባለብዙ ቤቶች ብቻ አልነበሩም፤ በጠጅና በእንጀራ ንግድ ጥረው ሁለተኛ ቤት የሠሩ እናቶችም ነበሩባቸው። እነዚህ ሰዎች ሞኞች ነበሩ ልንል እንችላለንን? በዚያ ዘመን ቤት መሥራት ጠቢባን ሁሉ የሚመክሩት ነገር ነበር። እንግዲህ ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር እንማራለን፤ የአሳብ ጥበብ በፍጻሜው ብቻ አይፈረድም። ሰው ሊጠየቅ የሚገባው በጊዜው ሊያውቅ ይችል ስለነበረው ነገር ነው፤ ሊያውቅ ስላልቻለው ግን ራሱን ቢኮንን ወይም ሌላው ቢኮንነው ፍርዱ የቀና አይደለም።

ከላይ የተናገርንለትም ሰው ከእነዚህ ሁለቱ ደረሱበት። ያለውን ሁሉ በአንድ ባንክ በብር አኑሮ ነበርና በ2014 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ የስምንት ዓመት ድካሙ እየሳሳ ሄደ። ምንዛሪው በተለወጠ ሰሞን ደግሞ ባለቤቱ ታመመች፤ መድኃኒትዋም ከውጭ አገር የሚመጣ ነበርና ዋጋው ናረ። ወደ እኛ ሲመጣ እንደ ቀድሞው ደብተር አልያዘም። «ሒሳቤ ትክክል ነበር፤ ዓለሙ ነው የተሳሳተው» ብሎ ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግን አልወጣለትም። ከዚያም፥ «በዚህ ጊዜ በግ ሸጦ የደረሰልኝ ወንድሜ ነው፤ ስለ እናታችንም አንድ ቃል አልተናገረኝም» አለንና አንገቱን ደፋ።

እኛም የቀድሞውን ነገር አላነሣንበትም፤ የወደቀን ሰው ማስተማር እንደ መርገጥ ሊሆን ይችላልና። ነገር ግን ለሌሎች እንዲጠቅም እዚህ ላይ እንጽፈዋለን። ያ ሰው ዝምድናን በወጪ ረድፍ ጽፎት ነበር፤ በመከራው ቀን ግን በሀብት ረድፍ ሆኖ አገኘው። ዕድርና ዕቁብም እንዲሁ ናቸው። ገንዘብን በአንድ ስፍራ ብቻ ማኖር አደጋ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ተስፋን በገንዘብ ላይ ብቻ መጣልም አደጋ ነው። ነገር ግን ዘመድን ይመልስልኛል ብሎ መጦር ንግድ ነው፤ የምንጦረው ስለሚገባው ነው፤ መደጋገፉ ግን ሳናሰላው ይመጣል።

ዐቅዱ የተሰበረበት ሰው ሦስት ፈተናዎች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው ኀፍረት ነው፤ ኪሳራውን ከትዳር ጓደኛው ይሰውራል፤ የተሰወረውም ኪሳራ እንደ ተሸፈነ ቁስል ያመረቅዛል። ሁለተኛው ችኮላ ነው፤ የጠፋውን በአንድ ቀን ልመልስ ብሎ ወደ ስፖርት ውርርድ ቤት ይገባል፥ ወይም በወር እጥፍ እከፍላለሁ ለሚለው ለማያውቀው ሰው የቀረውን ያስረክባል፤ እንዲህም ሆኖ የቆጡን አወርድ ብላ የብብትዋን እንደ ጣለችው ይሆናል። ሦስተኛው መራራነት ነው፤ «ከእንግዲህ ማሰብ ለምን ይጠቅማል? የመጣውን በልቶ ማደር ነው» ይላል። ይህ የመጨረሻው ትሕትና ይመስላል፤ ግን ተስፋ መቁረጥ ነው። ዝናብ አንድ ዓመት ስለ ከለከለው ማረሱን የተወ ገበሬ የለም።

ለእነዚህም መድኃኒታቸው ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ለኀፍረት መድኃኒቱ እውነት ነው፤ የቀረውን ከቤተ ሰብ ጋር ተቀምጦ መቁጠር። ለችኮላ መድኃኒቱ ጊዜ ነው፤ በኀዘን ቀን ትልቅ ውል አለመዋዋል። ለመራራነት መድኃኒቱ ደግሞ ትንሽ ጅምር ነው፤ ባለፈው ከነበረው ዐሥረኛውም ቢሆን እንደ ገና ማስቀመጥ መጀመር። ወደ ሥራ መመለስ የሚያስፈልግ ሆኖ ቢገኝም ውርደት አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ ሊያርፍ የሚያስብ ሰው ሙያውን ፈጽሞ እንዳይረሳ እንመክራለን፤ ገንዘብ ሲረክስ ከሰው ጋር የሚቀረው የእጁ ሙያ ነውና።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ከጊዜው አስቀድሞ ማረፍ በራሱ ኃጢአትም ጽድቅም አይደለም። የሚመዘነው በሦስት ነገር ነው፤ ስንቁ ከማን ድርሻ ተቀንሶ ተሰበሰበ? የሚገኘው ጊዜ ለምን ይውላል? ዐቅዱ ቢሰበር ሰውየው አብሮ ይሰበራልን? እነዚህን ሦስቱን በቀና ልብ የመለሰ ሰው በሃምሳም ዓመት ይረፍ፥ በስድሳም፥ ዕረፍቱ ዕረፍት ይሆንለታል። ያልመለሳቸው ግን እስከ መቃብር ቢሠራም፥ ነገም ሥራውን ቢተው፥ ሸክሙ አይወርድለትም።

ያ ሰው ዛሬ በሥራው ላይ ነው፤ ባለቤቱም ተሽሎአታል። የዕረፍቱን ዓመት ወደ ሃምሳ ስድስት አዛውሮታል፤ ይደርስበት ወይም አይደርስበት እንደ ሆነ እርሱም እኛም አናውቅም። በቅርቡ አዲስ ደብተር ይዞ መጥቶ ነበር። ገልጠን ብናይ በመጀመሪያው ገጽ፥ ከቤት ኪራዩም ከጤፉም አስቀድሞ፥ ሁለት ረድፎች ተጽፈዋል፤ «ለእናቴ» እና «ለወንድሜ»። እኛም ምንም ሳንናገር ደብተሩን ዘግተን መለስንለት።